አንድ ቁልፍ

በያብሎኔትስ ከተማ፣ በኒሳ ወንዝ ዳርቻ፣
ቦሁሚር የሚሸጠው ቁልፍ ነው፣ ቁልፍ ብቻ፤
የኮት ቁልፍ፣ የሹራብ፣ የሕፃን ቀሚስ ቁልፍ፣
ብርጭቆ ቀልጦ የወጣ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ።
አምና ሱቁን ዘጋ፤ መስኮቱን በጋዜጣ ሸፈነ፤
ገበያው ከመንገድ ተነሥቶ ስክሪን ላይ ሆነ።

ድረ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጎረቤቱ፤
ከፎቁ ላይ ነው ቤቴ፣ ከሥሬ ነው መጋዘን ቤቱ።
ገጽታውን በርካሽ ገዛን፣ ለሌላ ሰው የተሰፋ፣
እዚህ ጋ የጠበበ፣ እዚያ ጋ የሰፋ፤
ቀደድኩት፣ ጣፍኩት፣ እጅጌውን አሳጠርኩት፣
በጃቫስክሪፕት ክር ዳር ዳሩን ዘመዘምኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር
አንድ አድማጭ አስቀመጥኩ፣ ተግቶ የሚያድር፤
ጣት ሲያርፍ፣ «ጠቅ» ሲል፣ እሱ ይሰማል፤
ሰምቶም ዝም አይልም፣ ለቅርጫቱ ያሰማል።
ቁልፍ የፈለገ ቁልፍ ይጫናል፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ከእኔ ይሆናል።

በጥር፣ በረዶው ከደጃፍ ተቆልሎ፣
ደረጃውን ወጣ፣ በሰባ ስምንት ዓመቱ፣ ዘሎ።
«ቬንዱልካ፣ ነይ እዪ! ስምንት ሸጥን ለአንዲት ሴት!
ትናንት ለአንዱ አራት፣ ከትናንት ወዲያ ሁለት።
ዚፕ ገደለው ሲሉኝ፣ ይኸው ቁልፍ ተነሣ!»
ሳቁ በደረጃው ቁልቁል ወርዶ አገሣ።
ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሁለት፣ አራት፣ ስምንት።
ሰው እንዲህ አይገዛም።
እንዲህ የሚረባ ስህተት ነው።

ሌሊቱን አድማጮቼን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤
የጥፋቱን ጫፍ ይዤ ከራሴ እጅ ደረስኩ።
ደንበኛ ቀለም በለወጠ፣ ወደ ሌላው በዞረ ቁጥር፣
የእኔ ኮድ ይባንናል፤ ያለ ጥያቄ፣ ያለ ምክር
ባለው አድማጭ ላይ ሌላ አድማጭ ይወልዳል፤
የተወለደውም ሲሰማ፣ እሱም ደግሞ ይወልዳል።
ያመነታ ሁሉ መንታ ያገኛል፤
መንታው ደግሞ መንታ ያስገኛል።

ያቺ ሴት፣ የኦፓቫዋ፣ የፈለገችው አንድ ጥቁር ቁልፍ ነው።
መዝገቡ ሁሉን ይዟል። ከሰማያዊው ተነሣች፤
ቀዩን ነካች፤ አረንጓዴውን ነካች፤ ጥቁሩ ላይ አረፈች።
ለማን ኮት ይሆን? ለሐዘን ነው? ለሥራ?
መዝገቡ ይህን አይልም።
ሦስት ጊዜ አመነታች፣ አንዴ ጠቅ አደረገች፤
ስምንት ጆሮ ሰማት፣ የስምንት ከፈለች።

ጠገንኩት። ከየቁልፉ ሥር አድማጮቹን ነቀልኩ፤
ከማይፈርሰው ደጃፍ ላይ አንድ ጆሮ ተከልኩ።
ጠቅታ እንደ አረፋ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤
ከልጅ ወደ ወላጅ አልፎ፣ ደጃፉ ድረስ ይመጣል፤
ዘበኛው እዚያ ተቀምጦ «ከማን ቤት ነህ?» ይለዋል፣
አንዴ ይመዘግበውና አንዴ ያሳልፈዋል።
ሥራው በሙሉ አሥራ አንድ መስመር ነው።
ለቦሁሚር መንገር ግን ስንት መስመር ነው?

ጠዋት ወረድኩ። ስምንቱን ቁልፍ
በስስ ወረቀት ላይ ደርድሮ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ክር ሲቆርጥ አገኘሁት።
ነገርኩት፤
ገንዘቡ እንደሚመለስ፣ ቁጥሩ እንደሚወርድ፣
የሰማነው ገበያ የራሳችን ማሚቶ እንደነበር።
መነጽሩን ወደ ዐይኑ መለሰ። ቆየ።
«አንዱስ?» አለኝ። «አንዱስ እውነት ነው?»
«አንዱ እውነት ነው።»

ሰባቱን ወደ ቆርቆሮው ሣጥን አንድ በአንድ ጣላቸው፤
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ... ሰባት ጊዜ፤
አድማጩ እኔ ብቻ ነበርኩ።
ከዚያ ጥቁሩን አንሥቶ፣ መስኮቱ ዘንድ አዙሮ አየና፣
እንደ ስምንት አድርጎ ጠቀለለው።